ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሙዝ ለማን ተላከ? ስለ ተጫዋች የዘመናችን ጥበብና ንድፍ የቀረበ ማብራሪያ

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ በሚገኘው ሶዝቢስ የተባለ አጫራች ድርጅት፣ በብርማ ስኮች ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሙዝ ለጨረታ ቀርቦ የአጫራቹን ክፍያ ጨምሮ በ6.2 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ። ፎቶግራፉ በስልክ ሲዘዋወር ጎንደርም ደረሰ፤ ፒያሳ ላይ ቡና ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ለወሬው የሰጡት ምላሽም ሌላው ዓለም ከሰጠው ብዙ የተለየ አልነበረም። ገሚሱ ሀብታም ሲያብድ እንዲህ ነው ብሎ ሳቀ፤ ገሚሱ ደግሞ የተማሩ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ምሥጢር ይኖረዋል ብሎ ዝም አለ። ሁለቱም ምላሾች የሚያስወቅሱ አይደሉም፤ ነገር ግን አንዳቸውም ሙዙ እዚያ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር አያስረዱም።

ሙዙ ብቻውን የቆመ ሥራ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ፣ ቀልድን እንደ መሣሪያ የሚጠቀም የጥበብና የንድፍ ዘር አለ፤ እርሱም የራሱ አካሄድ፣ የራሱ ደንብና የራሱ ድክመት አለው። ይህ ማብራሪያ ያንን አካሄድ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት የተጻፈ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ፣ ታሪኩ በአብዛኛው የተፈጸመው በሌሎች አገሮች ስለሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ «ተጫዋች ጥበብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የዘመናችን ጥበብ የሚባለው በጥቅሉ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሠራውን፣ በተለይም ዛሬ በሕይወት ያሉ ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች የሚሠሩትን ነው። ንድፍ፣ ብዙዎቻችን ዲዛይን የምንለው፣ ሰው የሚገለገልበትን ነገር መልክና አሠራር መወሰን ነው፤ ወንበር፣ መብራት፣ ደረጃ፣ የሎሚ መጭመቂያ ሁሉ ንድፍ አውጪ አላቸው። በሁለቱም መስክ ተጫዋች የምንለው ሥራ፣ ተመልካቹ በደንብ የሚያውቀውን ተራ ዕቃ ወስዶ ከዕቃው የማይጠበቅ ነገር በማድረግ መጀመሪያ የሚያስገርም ወይም የሚያስቅ፣ ቀጥሎ ግን ተመልካቹ ያለ ጥያቄ ተቀብሎት የኖረውን ልማድ እንዲጠራጠር የሚያደርግ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ የሚያቆም ሥራ ቀልድ ሆኖ ይቀራል። በቀልድነቱ ነውር የለበትም፤ ሙዚየም ውስጥ ለመቀመጥ ግን ከዚያ በላይ ይጠበቅበታል።

ጨዋታው ከየት ጀመረ?

በ1917 በኒውዮርክ የነጻ አርቲስቶች ማኅበር የተባለ ቡድን አንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ደንቡ ግልጽ ነበር፤ 6 ዶላር የከፈለ ማንኛውም ሰው ሥራውን ያቀርባል፣ የሚመርጥና የሚጥል ዳኛ የለም፣ ሽልማትም የለም። ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻም ከማኅበሩ የቦርድ አባላት አንዱ ነበር። እርሱም ከቧንቧ ዕቃ ሻጭ የተገዛ አንድ የወንዶች መሽኛ ገንዳ በጀርባው አስተኝቶ፣ «አር. ማት» የሚል የሐሰት ስም ጽፎበት፣ «ፏፏቴ» የሚል መጠሪያ ሰጥቶ፣ ክፍያውንም ከፍሎ አስገባው። የቦርዱ አባላት ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ይህ የጥበብ ሥራ አይደለም በማለት ከኤግዚቢሽኑ አስቀሩት። ዱሻምም ከቦርዱ ለቀቀ። ገንዳው ራሱ ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም፤ የቀረው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያነሳው ምስል ሲሆን፣ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩት ዱሻም በ1964 ፈቅዶ ያሠራቸው ቅጂዎችና ሌሎች ተመሳሳይ ምትኮች ናቸው። በ2004 በእንግሊዝ 500 የጥበብ ባለሙያዎች በተጠየቁበት ጊዜ፣ በዘመናዊ ጥበብ ላይ ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ ያሳደረ ሥራ ብለው በአንደኛነት የመረጡት ይህንኑ ጠፍቶ የቀረ መሽኛ ነው።

ስለዚህ ሥራ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ማንኛውም ነገር ጥበብ ሊሆን ይችላል ያለ ሰው» በሚል ይደመደማል። ይህ ከልክ በላይ ያሳጠረ አነጋገር ይመስለኛል። ዱሻም መሽኛውን መንገድ ዳር አላስቀመጠውም፤ ዳኛ የለንም ብለው ደንብ ላወጡ፣ ነገር ግን ልባቸው ውስጥ ዳኛ ላስቀመጡ ሰዎች ነው ያቀረበው። የተላከው ለእነርሱ ነበር፤ እነርሱም ሥራውን በመከልከላቸው ራሳቸው ሥራውን ሙሉ አደረጉት። በዚህ ዘር የሚቆጠር ማንኛውም ጥሩ ሥራ እንዲህ ያለ አድራሻ አለው። ለማን እንደ ተላከ፣ የትኛውን ልማድ እንደሚነካ ካልታወቀ፣ የቀረው ዕቃው ብቻ ይሆናል፤ ዕቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ለጎንደር አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ቅኔ ነው። በበዓል ቀን ቅኔ ሲቀርብ ሰሚው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰሙን ነው፤ ወርቁን ለማግኘት ግን ቃሉ በሁለት ወገን የሚፈታበትን ቦታ፣ ኅብሩን፣ ማወቅ አለበት። ቅኔ ደግሞ አድራሻ አለው፤ በግልጽ ቢነገር የሚያስቀጣው ነገር በሰም ተሸፍኖ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርብ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ተጫዋች የጥበብ ሥራም የሚታይ ዕቃ አለው፣ ከዕቃው ጀርባ የሚገኝ ሐሳብ አለው፣ ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ነጥብም አለው። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። የቅኔ መምህር ተማሪው ያገኘው ፍቺ ትክክል መሆን አለመሆኑን ሊነግረው ይችላል፤ እዚህ ግን አርቲስቱ ራሱ ያላሰበው ፍቺ ከተመልካቹ ሊመጣና ከአርቲስቱ ሐሳብ ጋር እኩል ሊቆም ይችላል።

ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ከዕቃው ባሕርያት አንዱን ብቻ በመለወጥ ነው። በ1936 ሜሬት ኦፐንሃይም የተባለች ወጣት አርቲስት አንድ የሻይ ስኒ፣ ማስቀመጫውንና ማንኪያውን በሚዳቋ ፀጉራም ቆዳ ለበጠቻቸው። የተለወጠው የውጭ ልባሱ ብቻ ነው፤ ቅርጹ ያው ስኒ ነው። በቀን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ስኒ ወደ አፉ ለሚወስድ ሰው ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ፎቶግራፉን ሲያይ ፀጉሩ ከንፈሩ ላይ፣ ርጥቡ ምላሱ ላይ ይሰማዋል። ዓይን ያየውን አፍ ይጸየፈዋል፤ የሥራው ኃይልም ይኸው ነው። ዛሬ ሥራው የሚገኘው በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው።

ፓብሎ ፒካሶ በ1942 ያደረገው ደግሞ ምንም ሳይለውጡ አቀማመጥን ብቻ መለወጥ ነበር። የብስክሌት መቀመጫ ወስዶ የብስክሌት መሪ ከላዩ ሲያጋጥምበት መቀመጫው ፊት፣ መሪው ቀንድ ሆነና የበሬ ራስ ወጣው። ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ክሌስ ኦልደንበርግ በበኩሉ መጠንን ለወጠ፤ በ1976 በፊላደልፊያ ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ የልብስ መቆንጠጫ አቆመ። የጦር መሪዎችና የፖለቲከኞች ሐውልት በሚቆምበት አደባባይ መቆንጠጫ ሲቆም፣ ሐውልት የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያለ አንድ ቃል ይነሳል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለማንበብ የተለየ ትምህርት ያስፈልጋል ብሎ የሚፈራ ሰው አንድ ነገር ልብ ቢል ጥሩ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን እንደሚሣሉ ያውቃል። ማንም ይህን ከተፈጥሮ አላገኘውም፤ ከአያቱ ወይም ከየኔታ የሰማው ደንብ ነው፤ አንዴ ካወቀው በኋላ ግን ሥዕሉን ያለ አስረጂ ያነባል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለጸሎት እንጂ ለጨዋታ የተሠራ ባይሆንም፣ ማንኛውም ምስል የሚነበበው ደንቡን ባወቁለት መጠን መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላገኘሁም።

እንግዲያው ሙዙን የገዛው ሰው ምኑን ነው የገዛው?

ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካተላን ሙዙን መጀመሪያ ያቀረበው በታኅሣሥ 2019 ማያሚ ውስጥ በተካሄደ የጥበብ ሥራዎች ገበያ ላይ ነው። መጠሪያው «ኮሜዲያን» ሲሆን፣ በሦስት ቅጂ እንዲኖር ተወስኖ የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው በ120,000 ዶላር ተሸጡ። በዚያው ገበያ ላይ አንድ ሌላ አርቲስት ሙዙን ከግድግዳው ነቅሎ በላው። ማንም ሥራው ጠፋ አላለም፤ ሌላ ሙዝ ተለጠፈ። በ2023 በሴኡል ሙዚየም ውስጥ አንድ ተማሪ እንዲሁ በልቶ ልጣጩን መልሶ ለጥፎታል።

ይህ የሚሆነው የሚሸጠው ሙዙ ስላልሆነ ነው። ገዢው የሚረከበው የምስክር ወረቀትና መመሪያ ነው፤ መመሪያው ሙዙ እንዴትና በምን ከፍታ እንደሚለጠፍ፣ ሲበላሽም በሌላ እንደሚተካ ይናገራል። ወረቀቱ የሌለው ሰው ቤቱ ግድግዳ ላይ ሙዝ ቢለጥፍ የሚከለክለው የለም፤ የካተላን ሥራ ነው ብሎ ማሳየትም ሆነ መሸጥ ግን አይችልም። እንዲህ ያለው ሥራ ሐሳባዊ ጥበብ ይባላል፤ ሥራው ሐሳቡና ሐሳቡ የሚፈጸምበት መመሪያ ሲሆን፣ የሚታየው ዕቃ ተተኪ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የኖረ አሠራር በመሆኑ ካተላን የፈጠረው አይደለም።

አድራሻውን እንፈልግ። ሙዙ የተለጠፈው በሙዚየም ወይም በትምህርት ቤት አልነበረም፤ ነጋዴዎች ድንኳን ተከራይተው ለባለጸጎች ሥዕል በሚሸጡበት ገበያ ላይ ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው ሁሉ ደግሞ ይገዛል። ካተላን ከሁሉ ርካሽ የሆነውን፣ በሳምንት ውስጥ የሚጠቁረውን ፍሬ እዚያው ግድግዳ ላይ ሲያደርግ፣ ገዢዎቹ ይገዙ እንደሆነ ለማየት ነበር። ገዙ። ቀልዱ በዚያን ጊዜ በትክክል ሠርቷል።

በ2024፣ መጀመሪያ ላይ በጠቀስነው የሶዝቢስ ጨረታ፣ የሆነው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለጨረታው የቀረበው ሙዝ የተገዛው በኒውዮርክ መንገድ ዳር ፍራፍሬ ከሚሸጡ አንድ አረጋዊ ስደተኛ በ35 ሳንቲም ነበር፤ ሰውየው ከጊዜ በኋላ በስንት እንደ ተሸጠ ሲነገራቸው ማልቀሳቸውን አንድ ታዋቂ የአሜሪካ ጋዜጣ ዘግቧል። አሸናፊው ጀስቲን ሰን የተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ ነጋዴ ሲሆን፣ ከቀናት በኋላ ሆንግ ኮንግ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ሙዙን በላ። በእኔ ግምት በዚህ ጊዜ ቀልዱ የካተላን መሆኑ ቀርቶ የገዢው ማስታወቂያ ሆኗል። ገበያው የሚቀለድበትን ቀልድ ራሱ ገዝቶ መዋጥ እንደሚችል ከዚያ በፊትም ታይቶ ነበር፤ በ2018 ባንክሲ የተባለው ማንነቱን የሚሰውር አርቲስት ሥዕሉ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በተሸጠባት ቅጽበት፣ በክፈፉ ውስጥ በደበቀው መቁረጫ እስከ ግማሹ እንዲቀደድ አድርጎ ነበር፤ የተቀደደው ሥዕል በ2021 ተመልሶ ለጨረታ ሲቀርብ ግን ከ18 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ስለዚህ ዋጋው የሥራውን ጥሩነት አያስረዳም፤ የሚያስረዳው የዚያን ዕለት ስንት ሰው ምን ያህል ገንዘብ ይዞ እንደ ተፎካከረ ብቻ ነው።

የቤት ዕቃስ ሊጫወት ይችላል?

ይችላል፤ እንዲያውም በንድፍ መስክ ጨዋታ የሚመዘንበት መንገድ ከጥበቡ የቀለለ ነው፤ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብሎ መጠየቅ ስለሚቻል። አጋጣሚ ሆኖ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌም መሽኛ ገንዳ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአምስተርዳም ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የወንዶች መጸዳጃ ገንዳዎች ውስጥ፣ ከማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ፣ የአንዲት ዝንብ ምስል አለ። የገባው ሰው ሁሉ ሳያስበው ዝንቧን ያነጣጥራል። በጊዜው የአውሮፕላን ማረፊያው ሰዎች በሰጡት ግምት ወደ ወለል የሚፈሰው በ80 በመቶ ቀንሷል። ማስጠንቀቂያ አልተጻፈም፣ ቅጣት አልተደነገገም። በከተሞቻችን አጥር ላይ «እዚህ መሽናት በሕግ ያስቀጣል» የሚለው ጽሑፍ የሚያመጣውን ውጤት የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ለመገመት አይቸገርም። ጽሑፉ የሚናገረው ለሰውየው ፍርሃት ነው፤ ዝንቧ የምትናገረው ውስጡ ላለው ልጅ ነው።

በ2009 በስቶክሆልም አንድ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ የተሠራው ደረጃ በዚሁ ሐሳብ የተነደፈ ነበር። ከተንቀሳቃሽ ደረጃው አጠገብ ያለው ተራ ደረጃ በፒያኖ ቁልፎች አምሳል ተሠርቶ፣ ሰው ሲረግጠው ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ። ሥራውን ያሠራው የመኪና ኩባንያ፣ ቮልስዋገን፣ ከወትሮው 66 በመቶ የሚበልጥ ሰው በእግሩ ወጥቷል ብሎ አስታወቀ። ቁጥሩ የማስታወቂያ ዘመቻ አካል መሆኑን፣ ደረጃውም ለአጭር ጊዜ ብቻ የቆየ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አዲስነት ሲያልቅ ጨዋታውም ሊያልቅ ይችላል፤ በየቀኑ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከወር በኋላም በደረጃው ይወጣ እንደ ነበር ከዚያ ሙከራ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆም አንድ ዕቃ አለ። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ስታርክ ለጣሊያኑ አሌሲ ኩባንያ የነደፈውና በ1990 ገበያ ላይ የዋለው የሎሚ መጭመቂያ ሦስት ቀጫጭን ረጃጅም እግሮች አሉት፤ ሲያዩት ሸረሪትም ይመስላል፣ ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩርም ይመስላል። ለመጭመቅ አመቺ አይደለም፤ ፍሬውና ጭማቂው አብረው ይወርዳሉ። ኩባንያው በኋላ በወርቅ የተለበጠውን ዓይነት ሲያወጣ፣ የሎሚ አሲድ ልባሱን ስለሚያበላሸው ለጌጥ ብቻ እንዲቀመጥ አሳስቧል። ሎሚ የማይነካ የሎሚ መጭመቂያ ማለት ነው። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ተሽጧል፤ የተላከው ለሎሚው አልነበረምና። የተላከው ማእድ ቤት ገብቶ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ ነው። ይህን ድክመት ነው የሚሉም አሉ፣ ብልሃት ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ከፊተኞቹ ጋር ነኝ፤ ዕቃ በቅድሚያ ሥራውን መሥራት አለበት ብዬ አምናለሁና። ጨዋታንና አገልግሎትን ላስታረቀ ንድፍ የጣሊያኖቹን ወንድማማቾች የካስቲልዮኒን በርጩማዎች ማየት ይበቃል፤ አንዱ የትራክተር መቀመጫ፣ ሌላው የብስክሌት መቀመጫ አላቸው፤ ሁለቱም የሰውን አካል ለመሸከም አስቀድመው የተፈተኑ ቅርጾች ናቸው።

እኛን የሚመስል ምሳሌ አለ?

አለ፤ ከላይ ከተጠቀሱት ይልቅ ለጎንደር ሰው የሚቀርበውም እርሱ ነው። የቤኒን ሪፐብሊክ ተወላጅ የሆነው ሮሙዋልድ ሃዙሜ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከጀሪካን ጭምብል ይሠራል። ጀሪካኑ ሲገለበጥ መያዣው አፍንጫ፣ አፉ የተከፈተ የሰው አፍ ይሆናል፤ ትንሽ ፀጉር ወይም ጨርቅ ሲጨመርበት እያንዳንዱ የተለየ ሰው ፊት ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል። ሳቁ የሚቆመው ጀሪካኑ ከየት እንደ መጣ ሲታወቅ ነው። በአገሩ ወጣቶች በሞተር ሳይክል ላይ ጀሪካን ከምረው ከናይጄሪያ ቤንዚን በኮንትሮባንድ ያመላልሳሉ፤ ብዙ እንዲይዝላቸው ፕላስቲኩን በእሳት እያሞቁ ይለጥጡታል፤ ጀሪካኑ ሲሳሳ ይፈነዳል፣ ሰውም ይሞታል። ሃዙሜ ከ1997 እስከ 2005 በሠራው ትልቅ ሥራ 304 የጀሪካን ጭምብሎችን መሬት ላይ ደርድሮ፣ ብሩክስ በተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ውስጥ ባሮች እንዴት ታጭቀው ይጫኑ እንደ ነበር የሚያሳየውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ንድፍ አስመሰለው። ተሸካሚው ሰው እንደ ተሸካሚው ዕቃ እስኪያልቅ ድረስ ይጫናል፣ ሲያልቅም ይጣላል። ሥራውን የገዛው የብሪታንያ ሙዚየም ነው፤ አድራሻው ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ቢጫ ጀሪካን ለጎንደር ምን እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። ውኃ በተራ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በር ላይ የተደረደረ ጀሪካን ማን ቀድሞ እንደ መጣ፣ ማን ጀሪካኑን ትቶ ወደ ሥራ እንደ ሄደ ይናገራል። ያንን ሰልፍ በየቀኑ የሚያይ ሰው የሃዙሜን ጭምብሎች ከአውሮፓ ተመልካች በተለየ ጥልቀት ያነባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ከአገራችን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በዚህ መስክ በዓለም ደረጃ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከሚገዛቸው የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ የቁልፍ ፊደላትና ባለቀለም ሽቦዎች፣ ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ወይም ከተማ የሚመስሉ ግድግዳ የሚያክሉ ሥራዎችን ይሠራል። ሰው ቀረብ ሲል እርሻው ሽቦ ሆኖ ይገኛል። ሀብታም አገሮች የጣሉት ዕቃ በእጅ ተጠልፎና ተገምዶ ወደ ሀብታም አገሮች ሙዚየም ግድግዳ ተመልሶ ይሄዳል። እርሱና የሥነ ሰብእ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በ2019 በአዲስ አበባ ለሕዝብ የከፈቱት ዞማ ሙዚየምም ሕንጻው ራሱ የጥበብ ሥራ ነው፤ ግድግዳዎቹ በየገጠሩ ቤት በሚሠራበት በጭቃና በጭድ ተሠርተው በእጅ በተቀረጹ መስመሮች ተሸፍነዋል። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው ብሎ ለሚያስብ ከተሜ የተጻፈ ደብዳቤ አድርጎ ማንበብ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። ከመኪና ጎማ በረባሶ፣ ከጣሳ ኩራዝ፣ ከበርሜል ምድጃ የሚሠራው የቅዳሜ ገበያ ባለሙያ ብልሃቱ ከማንም አያንስም፤ የእርሱ ዓላማ ግን ጫማው እግር እንዲሸከም፣ ኩራዙ እንዲያበራ ነው። ሥራው ንድፍ ነው፣ ጥሩ ንድፍም ነው። ድሃ አገር ውስጥ የተሠራ ማንኛውንም መልሶ መጠቀም «ጥበብ» እያሉ ማድነቅ ባለሙያውንም አርቲስቱንም አለማየት ይሆናል። በመካከል የሚቆም ሥራ ደግሞ ከጎንደር ብዙም ሳይርቅ ወለቃ ላይ ይገኛል፤ በቤተ እስራኤል የሸክላ ሥራ በታወቀችው በዚያች መንደር ለጎብኚ ከሚሸጡት ትንንሽ ምስሎች መካከል ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው የሚታዩበት አለ። ታላቁን ታሪክ መዳፍ ላይ በሚያርፍ ሸክላ ወደ ጓዳ ወሬ አወረዱት፤ ገዢው ፈገግ ብሎ ኪሱን ይከፍታል።

ብልሃትን ከማታለል በምን መለየት ይቻላል?

የተረጋገጠ ሚዛን የለም፤ የሚረዳ ሙከራ ግን አለ። በሥራው ውስጥ ያለውን ዕቃ በሐሳብ አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። የሃዙሜን ጀሪካን በባልዲ ብንተካው ሥራው ይፈርሳል፤ የቤንዚኑ፣ የሞተር ሳይክሉና የሞቱ ታሪክ ከጀሪካኑ ጋር ይሄዳልና። የኦፐንሃይምን ስኒ በሳህን ብንተካው ይዳከማል፤ ሳህን ከንፈር አይነካም። የካተላንን ሙዝ በብርቱካን ብንተካው ግን አብዛኛው ሐሳብ ይተርፋል፤ ሙዝ በቀልድ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ቢረዳውም፣ ክብደቱ ያረፈው በገበያው ቦታና በምስክር ወረቀቱ ላይ ነው። ይህ ማለት ሙዙ ማታለል ነው ማለት አይደለም፤ ከቦታው ሲወጣ ግን የሚቀረው ጥቂት ነው ማለት ነው። ጎንደር ላይ በስልክ ያየው ሰው ሊገባው ያልቻለውም በዚህ ምክንያት እንጂ ከአላዋቂነት አይደለም። የተላከው ለሌላ ሰው ነበር።

ሁለተኛው መጠየቂያ ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ነው። ሥራውን ካዩ በኋላ ተራው ዕቃ በቤት ውስጥ ሲገጥም የተለየ ሆኖ ከታየ፣ ሥራው ሠርቷል።

ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን የት ማየት ይቻላል?

የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ የለንደኑ ቴትና የብሪታንያ ሙዚየም ከስብስባቸው ብዙውን በድረ ገጻቸው በነጻ ስለሚያሳዩ፣ ከላይ የተጠቀሱትን አርቲስቶች በስማቸው ፈልጎ ሥራዎቻቸውን በስልክ ማየት ይቻላል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ዞማን በአካል ቢያይ ይመረጣል፤ የጭቃው ግድግዳ በፎቶግራፍ ግማሽ መልኩን ያጣል።

ምንም ሳይሄዱ ሊሞከር የሚችልም አለ። ኦስትሪያዊው ኤርቪን ቩርም ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያስፋፋቸው የአንድ ደቂቃ ቅርጻ ቅርጾች የሚሠሩት በተመልካቹ ነው፤ አርቲስቱ አጭር መመሪያ ይሰጣል፣ ጎብኚውም ለምሳሌ ባልዲ ራሱ ላይ ደፍቶ ሌላ ባልዲ ውስጥ ይቆማል ወይም ከወንበር ጋር በማይታሰብ አኳኋን ይጣመራል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቆይና ይወርዳል። ፎቶግራፍ ከተነሣ ፎቶግራፉ ይቀራል፤ ካልተነሣ ሥራው አለቀ። ለክፍል የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ወንበርና መመሪያውን የሚጽፍ መምህር ብቻ ነው፤ ተማሪዎች የየራሳቸውን መመሪያ እንዲጽፉና ሌላው እንዲፈጽመው ቢደረግ ደግሞ፣ ሥራው ወረቀቱ ነው ወይስ ባልዲ ውስጥ የቆመው ልጅ የሚለውን ክርክር ራሳቸው ያነሡታል።